ሲኒም እኮ "ቻይና" ነው

ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ ቆሜ ባጃጅ እጠብቃለሁ። አንዲት ወጣት ቦርሳዋን አዝላ ከፋሲል ግቢ በኩል ትመጣለች። ሁለት ሊስትሮ ልጆች አዩዋትና "ቻይና! ቻይና!" ብለው ጮኹ። አንደኛው የዓይኑን ጥግ በጣቶቹ ወደ ጎን ሳበ።

ልጅቷ ቆመች። አልተቆጣችም። በተሰባበረ አማርኛ "ቻይና አይደለሁም፣ ኮሪያ ነኝ" አለች። ልጆቹ ሳቁ። "እሺ ቻይና!" ብለው መለሱላት።

አፈርኩ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከዚህች አገር ከ6,000 በላይ ወታደሮች በቃኘው ሻለቃ ስም ተራ በተራ ዘምተዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን እዚያ ሰጥተዋል። ልጅቷ ይህን ታሪክ ሰምታው ሊሆን ይችላል። የኛ ልጆች ግን ኮሪያ የምትባል አገር መኖሯንም የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

ልጆቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ቃሉን የሰሙት ከኛ ነው። በኛ አፍ "ቻይና" የአገር ስም ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆየ። ባትሪው ግማሽ ቀን የማይቆይ ስልክ "ቻይና ነው" ይባላል። በወሩ የሚሰበር ወንበርም "ቻይና" ነው። አንዳንዴ ቃሉን ለማይጠብቅ ሰውም ሲባል እሰማለሁ።

በዚያው ቀን ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ጫማ ጠየቅኩ። ሻጩ ወጣት ነው፣ አፉ ጣፋጭ። "ጋሼ፣ ይሄ ቻይና እንዳይመስልዎት። የቱርክ ነው፣ ኦርጅናል!" አለኝ። ጫማውን ተቀብዬ ምላሱን ገለበጥኩት። በነጭ ጨርቅ ላይ በትንንሽ ፊደል "ሜድ ኢን ቻይና" ይላል። አሳየሁት። "እሱማ የተሠራው እዚያ ነው፣ ጥራቱ ግን የቱርክ ነው" አለኝ። ሊያታልለኝ የፈለገ አልመሰለኝም። የምሩን ነው። ለእሱ "ቱርክ" ማለት ጥሩ ዕቃ፣ "ቻይና" ማለት መናኛ ዕቃ ማለት ነው። ሁለቱም አገሮች የዕቃ ደረጃ ሆነው አርፈዋል።

ይቺው እኛ የጥራት ምልክት ያደረግናት ቱርክ በሌላ ቋንቋ ምን እንደሆነች ያውቃሉ? በእንግሊዝኛ "ተርኪ" ከአገሪቱ ሌላ ያ ዶሮ መሳዩ ትልቁ ወፍ ነው። በመንገድ ቋንቋ ደግሞ ከስሮ የቀረ ሥራ፣ ወይም ቂል ሰው ማለት ነው። አገሪቱ ይህን ጠልታ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደብዳቤ ጻፈች። ከእንግዲህ "ቱርኪዬ" በሉኝ አለች። ድርጅቱም ተቀበላት።

ስያሜው ራሱ በስህተት የመጣ ነው። አውሮፓውያን የአፍሪካውን ጅግራ የሚያውቁት በቱርክ ነጋዴዎች በኩል ስለነበር የቱርክ ዶሮ ይሉት ነበር። በኋላ ያን ትልቁን ወፍ አሜሪካ ሲያገኙት ከጅግራው ጋር አምታቱት። ቱርኮች ግን ያንኑ ወፍ "ሂንዲ" ይሉታል፣ የህንድ ማለት ነው። ፖርቹጋሎች "ፔሩ" ይሉታል። ሶሪያና ሊባኖስ ስትሄዱ ስሙ "ሐበሽ" ነው። አዎ፣ የኛው ስም።

ይህን የሰማሁት ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ከተመለሰች ጎረቤቴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን መዳሟ ለበዓል "ሐበሽ" እንዲጠበስ ስታዝ ክው አለች። ወፍ መሆኑ ሲገባት ሳቀች። ያላሳቃት ሌላ ነገር ነበር። እዚያ አገር የቤት ሠራተኛን በጠቅላላ "ስሪላንካዊት" ማለት የተለመደ ነው። መዳሟም ለእንግዶቿ "የኔ ስሪላንካዊት ከኢትዮጵያ ናት" እያለች ታስተዋውቃት ነበር። ጎረቤቴ ይህን ስትነግረኝ ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችና "ስሜ እኮ ሦስት ፊደል ነው፣ እሱ ከብዷት ነው?" አለችኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አንዲት አገር በሙሉ፣ ሐኪም፣ ገበሬና መምህር ያላት አገር፣ በሌላ ሰው አፍ "ሠራተኛ" ማለት ሆነች። ከዚያ ስሟ ሰፍቶ የኛንም እህቶች ዋጠ።

እኛ ይህን ሕመም ልናውቀው የሚገባን ሰዎች ነን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲ ካሜራ ከኮረም ያሳየው ረሃብ ዓለምን አስለቀሰ። እርዳታም መጣ፣ ብዙ ነፍስም ዳነ። ግን ከስንዴው ጋር ስማችን ላይ አንድ ትርጉም ተለጠፈ። ውጭ አገር ያደገ የአክስቴ ልጅ እንዳጫወተኝ፣ በትምህርት ቤቱ ቀጭን ልጅ ሁሉ "ኢትዮጵያዊ" ተብሎ ይሰደብ ነበር። አገራችንን በካርታ ላይ የማያውቁ ልጆች ናቸው እንዲህ የሚሉት። እሱ እውነተኛው ኢትዮጵያዊ ሲሰማ ዝም ይላል። ከየት እንደሆነ ሲጠየቅ ሌላ አገር የተናገረበት ቀንም እንደነበረ ነግሮኛል። ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ? ስንሰማው ደማችን ይፈላል። ልክ ነው፣ ይፍላ። ግን ያ ንዴት ፒያሳ ላይ ስንደርስ የት ይሄዳል?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በኛ ጊዜ የፕላስቲክ ጫማ "ኮንጎ" ይባል ነበር፣ አሁንም ይባላል። ጫማው ለገበሬው ባለውለታ ነው። ጭቃ አይፈራም፣ ዋጋውም አይጎዳም። ክፍላችን ውስጥ ከገጠር ስንቁን ይዞ እየመጣ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር። ሌላ ጫማ አልነበረውም። "ኮንጎ" አልነው። ስም ጥሪ ላይ ሳይቀር መምህሩ ሲጠራው እኛ ከኋላ "ኮንጎ!" እንላለን። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ትምህርቱን አቋረጠ። በጫማው ምክንያት ነው አልልም፣ አላውቅም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ስሙን ላስታውስ ብሞክር አልመጣልኝ አለ። ትዝ የሚለኝ ኮንጎ ብቻ ነው።

የአገር ስም ቃል መሆኑ በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ቋንቋ እንዲህ ነው የሚያድገው። ብርቱካን የሚለውን እንይ። አረቦች ፍሬውን በፖርቹጋል ስም "ቡርቱቃል" አሉት፣ እኛ ደግሞ ከአረብኛ ወሰድነው። አፄ ፋሲል በ1632 እ.ኤ.አ. ነገሡና ብዙም ሳይቆዩ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ከአገር አስወጡ። ከጥቂት ዓመት በኋላም ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። ከተባረሩት ውስጥ ፖርቹጋሎች ነበሩበት። የአገራቸው ስም ግን በየአትክልት መደብሩ ሜዳ ላይ ተቆልሎ ይሸጣል፣ ሲያልፍም የሴት ልጅ ስም ይሆናል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ሲኒ ነው። አረቦች ቻይናን "ሲን" ይሏታል። "ሲኒ" ማለት በእነሱ አፍ ቻይናዊ ማለት ነው፣ ከዚያም ያ ነጭ፣ ስስ የሸክላ ዕቃ ማለት ሆነ። ቃሉ ወደኛም የመጣው ከዚያው ነው። ጎንደር ውስጥ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ረከቦቱን እዩት። እናቶቻችን ዕቃ ሁሉ ቢሰበር ሲኒ ሲሰበር ነው "እሰይ" የማይሉት። ለብቻው ይታጠባል፣ በነጭ ጨርቅ ይወለወላል፣ እንግዳ ሲመጣ ደህና ደህናው ተመርጦ ይወጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምንጠጣው "ቻይና" በሚል ዕቃ ነው። አያቶቻችን የቻይናን ስም የሰጡት በቤታቸው ካለው ዕቃ ሁሉ ለሚሳሱለት ነው። ያንኑ ስም እኛ ለሚቀደደው ሰጠነው።

በስም አወጣጥ አያቶቻችን ሌላም ያስተማሩን ነገር አለ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በውጭው ዓለም "የስፔን ጉንፋን" ተባለ። በሽታው ከስፔን ስለተነሳ አልነበረም። ስፔን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ስለነበረች ጋዜጦቿ ሳይፈሩ ስለጻፉት ነው። የእኛ ሰዎች ግን በወሩ ጠሩት፦ የኅዳር በሽታ። ኅዳር 12 ቆሻሻ ስናቃጥል "ኅዳር ሲታጠን" እንላለን፣ የማንም አገር ስም አብሮ አይጤስም። የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ በሽታ በቦታ ስም እንዳይጠራ መመሪያ ያወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ግን እኛ የውጭ አገር ሰው ባየን ቁጥር "ኮሮና!" እያልን ተጣራን። ወርሰነው የነበረውን ጨዋነት በአንድ ሰሞን ጣልነው።

በራሳችን ስም ላይም እንዲሁ ነን። ሰው ሲያረፍድ "የአበሻ ቀጠሮ" እንላለን። ሥራችንን ሲያበላሹብን "ድሮስ የአበሻ ነገር" ብለን እናልፋለን። ቅዳሴ ለመድረስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚነሳ ሕዝብ፣ ሰዓት የማያከብር መሆኑን በራሱ ስም መስክሮ ተቀምጧል። ይህ አባባል ያረፈደውን ሰው ነጻ ያወጣዋል፣ ሳይረፍድበት የመጣውን ደግሞ አብሮ ይሰድባል።

ይህ ለጎንደር የገቢ ጉዳይም ነው። እንግዳ እንደ ድሮው በማይመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ከስንት ነገር ተርፎ ፋሲልን ለማየት የመጣ ሰው ከግቢው ወጥቶ መጀመሪያ የሚሰማው ስድብ መሆን የለበትም። አስጎብኚዎቻችን ልጆቹን በስም ያውቋቸዋል። አንድ ቃል ይበሏቸው። መምህራን በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የእስያን ካርታ ሲዘረጉ ኮሪያን፣ ጃፓንን፣ ቬትናምን ለይተው ያሳዩ። እኛ ወላጆች ደግሞ ቤት ውስጥ አፋችንን እንግታ፣ ልጅ የሚደግመው እኛን ነው።

ጫማውን በመጨረሻ ገዛሁት። ለሻጩም ይህንኑ አነሳሁለት። በደንብ አዳመጠኝና "እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ደንበኛ ሲጠይቀኝ 'ቻይና' ካላልኩ ምን ልበለው?" አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

"ቶሎ የሚቀደድ ከሆነ 'ቶሎ ይቀደዳል' በለው" አልኩት።

ትንሽ አሰበና ከመደርደሪያው ሌላ ጫማ አንስቶ ሶሉን በሁለት እጁ አጠፈው። "እንግዲያው ይሄኛው ክረምቱን አይወጣም" አለኝ።