ከ11 ሰዓት በኋላ የሚቆለፍ የልብ ማዕከል

አንድ ትልቅ ሆስፒታል ካት ላቡ፣ ማለትም የተደፈነ የልብ ደም ቧንቧ በቀጭን ቱቦ የሚከፈትበት ክፍል፣ በሥራ ሰዓት ብቻ አገልግሎት እንዲሰጥ ሰሞኑን በቦርድ ወስኗል። ውሳኔው ያናድዳል፤ ምክንያቱ ደግሞ ይብሳል። በሌሊት የሚመጣው የልብ ታካሚ ጥቂት ስለሆነ ለተረኛ ቡድን ወጪ ማውጣት አያዋጣም ነው የተባለው።

ጥቂት መሆናቸውን በምን አወቃችሁ? የአምቡላንስ ሠራተኛውም ሪፈር የሚጽፈው ሐኪምም ማታ እንደማትቀበሉ ስለሚያውቁ ሰውየውን ወደ ሌላ ይወስዱታል። ቤቱ የሞተውንስ በየትኛው መዝገብ ቆጠራችሁት? በር ዘግቶ እንግዳ የለም ማለት የሆስፒታል አስተዳደር ሊያቀርበው የሚገባ ክርክር አይደለም።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የሥራ ሰዓት 40 ነው። በቀሪው 128 ሰዓት፣ ማለትም ከሳምንቱ ሦስት አራተኛ በሚበልጠው ጊዜ፣ የካት ላቡ ማሽን ሸራ ለብሶ ይቆማል። የልብ ደም ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ሲደፈን ግን ጡንቻው ቀጠሮ አይጠብቅም፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መሞት ይጀምራል። ታካሚው በደረሰ በ10 ደቂቃ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ፣ በ90 ደቂቃ ቧንቧው በባሉን ይከፈት የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን ቁጥር የሚያሟላው ማሽን አይደለም። ስልኩን አንስቶ የሚመጣ የልብ ሐኪም፣ ነርስና የራጅ ባለሙያ ነው። እነሱን ያላካተተ ዕቅድ የዕቃ ግዢ ሰነድ እንጂ የልብ ሕክምና ዕቅድ ሊባል አይችልም።

ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ አባት በጡጫቸው ደረታቸውን ተጭነው ገቡ። ጨጓራ መስሏቸው ሁለት ሰዓት ያህል ቤት ቆይተዋል። ላባቸው አንሶላውን አረሰው። የኢሲጂ ወረቀቱ ገና ከማሽኑ ሲወጣ መስመሩ ጉብ ጉብ ብሎ ይታያል፤ የልብ ደም ቧንቧ የመደፈን ምልክት ነው። ካት ላቡ ከአልጋቸው ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ ቁልፉ ግን ቤቱ የተኛ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ልጃቸው «ሲስተር፣ ማሽኑ እዚሁ አይደል እንዴ?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ።

ተረፉ። ግን ደረጃ መውጣት የማይችል ልብ ይዘው ነው የተረፉት። እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ስንት ጊዜ ተመልሰው እንደተኙ አይቻለሁ። አያዋጣም የሚሉ ሰዎች ያንን ሁሉ አልጋና መድኃኒት የት ጻፉት? የአንዲት ሌሊት የተረኛ አበል ቆጥበው የዓመታት ወጪ በአንድ ቤተሰብ ላይ ጭነዋል።

የልብ ሐኪም እጥረት መኖሩን አልክድም። እጥረት ካለ ግን በአንድ አካባቢ ያሉ ሆስፒታሎች ሌሊቱን በተራ ይከፋፈሉት፤ አምቡላንሱም የዛሬ ተረኛ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ። በ120 ደቂቃ ውስጥ ወደ ካት ላብ ማድረስ ካልተቻለ፣ የሚከለክል ነገር ለሌለበት ታካሚ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት እዚያው ድንገተኛ ክፍል ይሰጠው። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ይኑር፤ ተረኛው ሐኪም ከማንም ፈቃድ ሳይጠብቅ እንዲያዝ በጽሑፍ ይፈቀድለት።

በቦርዱ ውሳኔ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። ስለዚህ ቦርዱ እንደገና ይሰብሰብና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያንን በር ማን እንደሚከፍት በስም ይጻፍ።