ልጁን ተዉት፣ አምራቹን ጠይቁ

አራት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ ወረቀት ኮፒ የማስደርግበት አንድ ቤት አለ። ሰሞኑን ስገባ ባለቤቷ ኮምፒዩተር የሚጠግንላትን ልጅ አፋጣ ይዛዋለች። «እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረ ስካነር! ምኑን ነካክተህ ነው?» «እትዬ፣ እኔ እኮ ዊንዶውስ ብቻ ነው የቀየርኩት» ይላል። ስካነሩ መብራቱ ይበራል፣ ሲከፍቱት እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፤ ኮምፒዩተሩ ግን «ያልታወቀ መሣሪያ» ብሎ ቢጫ ምልክት ለጥፎበታል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ልጁም ዊንዶውስ 11ን ጫነላት። የእሷ የድሮው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት (ቢቱ ሲስተሙ በአንዴ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን ነው) ነበር፤ 11 ደግሞ በ64 ቢት ብቻ ነው የሚመጣው። ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ለ32 ቢት ከተጻፈ እዚያ ላይ አይሠራም። የስካነሩ አምራች ድረ ገጽ ላይ ያለው የመጨረሻ ፋይል ለዊንዶውስ 7 የወጣ፣ ያውም ባለ 32 ቢት ነው።

አምራቹ «ሲስተሙን የቀየርኩት እኔ አይደለሁም» ይላል፤ የሲስተሙ ባለቤት ማይክሮሶፍት ደግሞ «ድራይቨሩ የአምራቹ ነው» ይላል። በ1999 ዓ.ም. ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ ሲወጣም ይኸው ነበር፤ ባለ 64 ቢቱ ከርነል በሚባለው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ የሚገባ ድራይቨር ዲጂታል ፊርማ ከሌለው አልቀበልም ሲል ስንቱ ደህና ዕቃ ጥግ ይዞ ቀረ።

እኔ ከአምራቹ ራስ አልወርድም። ዕቃው ውስጥ ያለው ቺፕ የትኛውን ትእዛዝ እንደሚሰማ ጠንቅቆ የሚያውቀው እሱ ነው። ድራይቨር መጻፍ ከሰለቸው ሰነዱን ይልቀቀው፤ የሚጽፍ አይጠፋም። ልጁ እዚያው ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ የሊኑክስ ሲስተም ከፍላሽ አስነሥቶ ስካነሩን ቢሰካው፣ ሴይን በሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች በጻፉት የስካነር ፕሮግራም በኩል የአንዱን ደንበኛ መታወቂያ ጥርት አድርጎ አነሣው። (በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ደግሞ የውስጡን አሠራር የቀየረ ሰው፣ አብረው የተቀመጡትን ድራይቨሮች ራሱ ያስተካክላል። ለጭቅጭቅ ቦታ የለም።)

ማይክሮሶፍትም ነጻ አይወጣም። ከማሻሻሉ በፊት እንድናስኬደው የሚሰጠን መፈተሻ ፕሮሰሰሩንና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ያያል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስካነር ግን ዞር ብሎ አይጠይቅም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ስካነር መግዛት ለአንድ ኮፒ ቤት ቀላል አይደለም።

ኡቡንቱን ግን አልወደደችውም፤ ሠራተኛዋ የለመደችው ዊንዶውስ ነው። በመጨረሻ ልጁ ከጓዳ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አወጣ፣ የድሮውን ዊንዶውስ 10 መለሰበት፣ የኢንተርኔት ገመዱን ነቀለ፣ ስካነሩን ሰካበት። ሠራ። እሷም ወዲያው ተራ የሚጠብቁትን ማስተናገድ ጀመረች። የሁለት ቀን ድካሙን ግን አልከፈለችውም፤ «ያበላሸኸውን ነው ያስተካከልከው» አለችው።