ለሐራራም ምክር ብቻ?

ሰሞኑን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን አንድ የአማርኛ ውይይት በስልክ እንሰማለን። የፈረንሳዩ ኤሊስ ፋርማ ለሐሺሽ ሱስ የሠራው ክኒን በፈረንጆቹ 2024 እዚሁ አሜሪካ ተሞክሮ መውደቁን እንግዳው አነሣ። ቀጥሎ ሳቅ ብሎ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ድሮም ሱስ ስላልሆነ ነው አለ። ቡናው መረረኝ።

ለጉንፋንም መድኃኒት አልተገኘለትም። በሽታ አይደለም እንበል?

ሐራራን ለአበሻ ማስረዳት አለብኝ? ጫት ቅሞ ያቆመ ሰው ዱካክን ያውቃል። ሐሺሽም ቢሆን ሲቆም እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል፣ ምግብ ያስጠላል፣ የተገኘችውንም እንቅልፍ በሕልም ይበጠብጣታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ይህን በ2013 መመሪያቸው ውስጥ አስገብተውታል። የወዳጄ ልጅ ባቆመ በሦስተኛው ሌሊት አንሶላው በላብ ርሶ፣ ኩሽና ውስጥ በባዶ እግሩ ቆሞ ውኃ ሲጋት እናቱ አገኘችው። እስቲ ለሷ «ሱስ አይደለም» በሏት።

ደግሞ «ወደቀ» የምትለዋ ቃል ደሜን ታፈላዋለች። በምን ተለክቶ ነው የወደቀው? በ2011 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ድሮናቢኖል የተባለውን፣ የሐሺሽን ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር የያዘ ክኒን በ156 ሰዎች ላይ ሞክሯል። ጨርሰው ያቆሙት ቁጥር መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ጋር ተቀራራቢ ሆነና ክኒኑ አልሠራም ተባለ። ግን እኮ ሐራራው ቀንሶላቸው ነበር። ሕክምናውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው የቆዩትም ከመቶ 77 ሲሆኑ፣ ባዶውን ከወሰዱት 61 ብቻ ናቸው። ይህ ምንም ነው?

አውስትራሊያኖቹ መለኪያውን ቀየሩ። «አቆምክ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ቀን አጨስክ?» ብለው ጠየቁ። በ2019 የወጣው ጥናታቸው 128 ሰዎችን ለ12 ሳምንት፣ ማለትም ለ84 ቀን ተከታትሏል። ምክር ሁሉም አግኝቷል። ባዶውን የተሰጡት በአማካይ 53 ቀን አጨሱ። ከሐሺሽ ተክል የተሠራውን፣ አፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት የወሰዱት 35 ቀን። አሥራ ስምንት ቀን! በአሥራ ስምንት ቀን የቤት ኪራይ ይሠራል፤ ከሚስት ጋር ይታረቃል፤ ልጅ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ይህን ውድቀት የሚል ሰው ከሱሰኛ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አድሮ አያውቅም።

እንግዳው ሐሺሽን በሐሺሽ ማከም ቀልድ ነውም ብሏል። እሾህን በእሾህ ሲባል አልሰማም መሰለኝ። ሲጋራ ለሚተው ሰው ኒኮቲን ያለበት ፕላስተር በየፋርማሲው ይሸጣል፤ ማንም አይስቅም።

የፈረንሳዩ ክኒን ማጨስን በመቀነስም ተለክቶ አልተሳካለትም። እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። ሥራው ከባድ ነው። ሐሺሽ የሚሠራባትን የአንጎል በር ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋው ሪሞናባንት በ2006 አውሮፓ ውስጥ ለውፍረት ተፈቅዶ፣ ሰውን ለድብርት ስለዳረገ በ2008 ታግዷል። ፈረንሳዮቹ የሞከሩት በሩን ገርበብ ማድረግ ነበር። ይህ ያስከብራል እንጂ አያስቅም።

ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ሐሺሹን በሱቅ እያሸጠች ግብሯን ትለቅማለች። ለሱሱ ግን በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የጸደቀ አንድ ክኒን እንኳን የለም። እናትየው ክሊኒክ ሄዳ የምክር ቀጠሮ ተሰጣት፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ። «እስከዚያ ሌሊቱንስ?» አለቻት ጸሐፊዋን። ጸሐፊዋ ቀጠሮው ላይ በእስክሪብቶ አከበበችና ወረቀቱን መለሰችላት።