የእናቱን ሕመም የሚተረጉም ልጅ

ሐኪሙ ይናገራል። እናት ሐኪሙን ትታ ልጇን ታያለች። ልጁ ዐሥር ዓመቱ ነው። «ምን አለ?» ትለዋለች። ዝም ይላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ገብቶታል፤ በአማርኛ ምን እንደሚባል ግን አያውቅም። ቢያውቅስ ለእናቱ እንዴት ብሎ ይነግራታል? በመጨረሻ «መድኃኒቱን በደንብ ውሰጂ ነው የሚለው» ይላታል። ሐኪሙ ያን ሁሉ ደቂቃ ያወራው በአንድ መስመር አለቀ።

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአሜሪካ ኦፊሴላዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈረሙ። እስከዚያ ድረስ አገሪቱ በፌዴራል ደረጃ እንዲህ ተብሎ የተሰየመ ቋንቋ አልነበራትም። በዚሁ ትእዛዝ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ያወጡት ተሻረ። የክሊንተኑ ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አገልግሎታቸውን የሚያደርሱበትን መንገድ እንዲያበጁ ያዝ ነበር። አዲሱ ትእዛዝ ትርጉም አቁሙ አይልም፤ ውሳኔውን ለየኃላፊው ትቶታል። ግን ግዴታ የነበረ ነገር በፈቃድ ሲሆን፣ በጀት ያጠረ ቀን መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ደጋፊዎቹ «ቋንቋውን ይማሩ፣ ይዋሃዱ» ይላሉ። በመማሩ እኔም እስማማለሁ። ቋንቋ የሌለው ሰው ደመወዙን ሲበሉበት እንኳ መከራከር አይችልም። ውል ሳያነብ ይፈርማል። ግን አስተርጓሚ ስለተነሣ ማን ቋንቋ ተማረ? ሌሊት ሠርታ ቀን ልጆች የምታሳድግ እናት እንግሊዝኛ ያልያዘችው አስተርጓሚ ስላገኘች አይደለም። እንቅልፍ ስላጣች ነው።

ጀርመን ስደተኛው ቋንቋዋን እንዲችል አጥብቃ ትፈልጋለች። መደበኛው የውህደት ኮርሷ ግን 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ደግሞ ስለ አገሪቱ ሕግና ታሪክ ነው። ተማር ካለች በኋላ ክፍልና አስተማሪ ታቀርባለች ማለት ነው። የአሜሪካ የዜግነት ሕግም ቢሆን የዕድሜን ነገር ያውቃል። 50 ዓመት ሞልቶት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ነው። ስለ አገሪቱ ታሪክና መንግሥት የሚጠየቀውን በራሱ ቋንቋ ይመልሳል።

በግድ ማዋሃድም ተሞክሯል። በ1919 የነብራስካ ግዛት ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ልጅ የውጭ ቋንቋ ማስተማርን ከለከለች። ሮበርት ሜየር የሚባል አስተማሪ ለዐሥር ዓመት ልጅ ጀርመንኛ ንባብ በማስተማሩ ተቀጣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን የሻረው በ1923 ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ቅጹን በአማርኛ የሞላ ሰው እንግሊዝኛ እንዳይማር ማንም አልከለከለውም። ልጁን አስመዘገበ፣ ሥራ ያዘ፣ ትንሽ እፎይ አለ። ቋንቋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በፌዴራል ገንዘብ የሚታገዙ ሐኪም ቤቶች ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ልጅን አስተርጓሚ እንዳያደርጉ የሚከለክል ደንብ አለ። ይህ ደንብ እንዳይነካ መጮኽ ያለብን አሁን ነው። እስከዚያው ቀጠሮ ስትይዙ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። በስልክም ቢሆን ይቅረብላችሁ። ልጁ ያን ቀን ትምህርት ቤቱ ይዋል።