የሞባይል ቤቱ ልጅ ይባረክ

ሌላው ዓለም ገንዘቡን ከሌባ ይደብቃል። እኛ ጅማዎች አንድ እርምጃ ቀድመናል፤ ከራሳችን ደብቀነዋል። የክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት ብቻ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ፣ አካውንታችን ፓስወርድ ምን እንደሆነ ብትጠይቁን አናውቅም። በየትኛው ኢሜይል እንደተከፈተም አናውቅም። ሌባ በሌሊት አንገታችንን ቢያንቀን የምንናዘዘው ምስጢር የለንም። ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። እሱም የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው።

ልጁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መርካቶ ሂዱ፣ ፈረንጅ አራዳ ብቅ በሉ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ በር ላይ ቁሙ፤ አይጠፋም። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለችው። ስክሪን ይቀይራል፣ ግላስ ይለጥፋል፣ ፊልም ይጭናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተማው በሙሉ ክሪፕቶ አገኛለሁ ብሎ ቴሌግራም ላይ ሃምስተር የሚባለውን ጨዋታ ሲነካካ ሲከርም ደግሞ አንድ ሙያ ጨመረ። አሁን «ክሪፕቶ ይከፍታል»።

ይህን አገልግሎት የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ። እንደኔ ግን ልጁ ሊሸለም ይገባዋል። የዛሬዋ ጅማ የበቀለችባት ሂርማታ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የደቡብ ምዕራቡ አውራ ገበያ ነበረች። ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የጫነ ነጋዴ ይጎርፍባት ነበር። ያ ሁሉ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ከነጭነቱ ላገኘው ጎረምሳ አስረክቦ፣ «ስትጨርስ ጥራኝ» ብሎ ቡና ሊጠጣ ይሄድ የነበረ አይመስለኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ መተማመን የበቃነው እኛ ነን።

እስቲ ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ሐጂ መጡ እንበል። ቡና ነጋዴ ናቸው። ውጭ ያለው ልጃቸው ዩኤስዲቲ፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረውን ክሪፕቶ፣ ሊልክላቸው ነው።

«ሐጂ፣ ኢሜይል አለዎት?»

«ምንድነው እሱ?»

«ይተውት፣ እኔ እከፍትልዎታለሁ።»

ከፈተላቸው። ፓስወርዱ የሱቁ ስም ሆኖ ከኋላው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አለው። ለደንበኛ ሁሉ ያው ነው። ሀብታም ድሃ ብሎ አይለይም። ኢሜይሉ የተቆለፈ እንደሆነ ማስመለሻ ብሎ ያስገባው ስልክ ቁጥር የራሱን ነው። ኃላፊነት መውሰድ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈው፤ ስም፣ ኢሜይል፣ ፓስወርድ። ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ደብተር ነው። ከግላሶቹና ከቻርጀሮቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ ይውላል።

ቀጥሎ አካውንቱ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጠየቀ። ቱ ኤፍ ኤ የሚሉት። ነገሩ ቀላል ነው። ፓስወርድ የምታውቀው ነገር ነው። የምታውቀውን ሌላ ሰው ሊያውቅብህ ስለሚችል፣ በእጅህ ያለ ሌላ ነገር ይጨመርበት ተባለ። አብዛኛውን ጊዜ ስልክህ ነው። ኦተንቲኬተር የሚባለውን አፕ ትጭናለህ። ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ኪውአር ኮድ ስካን ታደርጋለህ። እዚያ ውስጥ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ አለ። ቁልፉ አንድም ስልክህ ላይ፣ አንድም አካውንት የከፈትክበት ድርጅት ዘንድ ይቀመጣል። ሁለቱም ወገን ቁልፉን ከሰዓቱ ጋር አስልቶ በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከገጠመ ትገባለህ። ኮዱን ለማውጣት ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም። ኔትወርክ በጠፋ ቀንም ስልክህ ቁጥሩን ከማውጣት አይቦዝንም። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ለማንም ክፍት ሆኖ ታትሟል፤ የተደበቀ ጥበብ የለበትም።

ሌባ ፓስወርድህን ቢያገኝ ስልክህ ይቀረዋል። ስልክህን ቢያገኝ ፓስወርድህ ይቀረዋል። ሐሳቡ ይሄ ነው። ያሰቡት ሰዎች ጅማን ረግጠው አያውቁም።

«ሐጂ፣ ስልክዎ ሞልቷል። አፑ አይገባም።»

«ምን ሞላው?»

«ቪዲዮ ነው። የሠርግ። ላጥፋው?»

«አንተ! የልጄን ሠርግ?»

«በቃ በኔ ስልክ ላድርግልዎት። ኮድ ሲፈልጉ ይደውሉልኛል።»

«አላህ ይባርክህ፣ ልጄ።»

አለቀ። የመጀመሪያው ቁልፍ ልጁ የሚያውቀው ነገር ሆነ። ሁለተኛው በልጁ እጅ ያለ ነገር ሆነ። ለሐጂ የሠርጉ ቪዲዮ ተረፈላቸው።

አሠራሩ ማኅበራዊ ጥቅምም አለው። ሰው ከሰው ያገናኛል። ሐጂ ገንዘቡን ሊያወጡ ፈልገው ይደውላሉ። ልጁ አጋሮ መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት…»

«አራት፣ ሰባት?»

«መሃሉ ላይ ዜሮ አለ!»

«ስንት ዜሮ?»

«ኧረ ሐጂ፣ ተለወጠ። ያጥፉትና እንደገና።»

30 ሴኮንድ ለእኛ ለሰላምታ አትበቃም። እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ እናትህ ተሻላቸው ወይ ሳይባል ኮድ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። እናቱ ተሽሏቸው እስኪያልቅ ስንት ኮድ ተቃጥሏል። ደግነቱ ተሳፋሪው ሁሉ በጉዳዩ ገብቷል። ሾፌሩ ራሱ «ጮክ በልላቸው እንጂ» ይላል። ከኋላ የተቀመጡት እናት ደግሞ ቁጥሩን በቃላቸው ይዘው ይደግሙለታል። ባንክ ቤት ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ትብብር አታገኙም።

የሞባይል ቤቱን ልጅ ማስቸገር የማይፈልጉ ደግሞ ኮዱን በቴክስት ያስመጣሉ። እነሱም ምስጋና ይገባቸዋል። ሲሙ የወጣው በዋርሳ ስም ነው። ዋርሳ ከቤተሰቡ ጋር ከተኳረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ነገ ተነስቶ «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ መታወቂያውን ይዞ ቢሄድ ምትክ ይወጣለታል፤ ከዚያ ወዲያ ኮዱ ሁሉ የሚገባው ወደ እሱ ነው። ምናልባት ለእርቅ ምክንያት ይሆናል።

ኮድ ለጠየቀ ሁሉ የመስጠት ልግስናችንን ግን የሚተካከል የለም። ቡና ቤት ተቀምጦ ስልክ የተደወለለት ሰው አይቻለሁ። ደዋዩ «ከቴሌግራም ነው፣ አካውንትህ ሊዘጋ ስለሆነ የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» ይለዋል። መልእክቱ እንግሊዝኛ ነው። ሰውየው አጠገቡ ላለ ተማሪ አሳየው። ተማሪው ታማኝ አስተርጓሚ ነው፤ አንድም ነገር አላስቀረም። ሰውየው ተከትሎ በስልኩ ውስጥ ጮክ ብሎ ያነበንባል። «ይህን ኮድ ለማንም አትስጥ ይላል… ከቴሌግራም ነን ቢሉህም እንኳ አትስጥ ይላል… ቁጥሩ ደግሞ…» አለና ቁጥሩን ነገረው። ደዋዩም በትህትና አመሰገነ። ማስጠንቀቂያውን ሳይቆርጡ ከነቁጥሩ ማስረከብ፣ ይሄ ነው ጨዋነት።

ከዚህ ሁሉ መልካም ሰው መካከል ታዲያ አንድ አፈንጋጭ አይጠፋም። የሰፈራችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብንለው አልሰማም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መጎርጎር ይወዳል። ኦተንቲኬተሩን በራሱ ስልክ ጫነ። ስልኩ ቢጠፋ ብሎ ድርጅቱ የሚሰጠውን የመጠባበቂያ ኮድ ወረቀት ላይ ገለበጠ። ወረቀቱን እናቱ ሳጥን ውስጥ ከስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ ጋር አስቀመጠ። የኢሜይሉን ፓስወርድ ከክሪፕቶው ለየ። ኢሜይሉ ላይም ሁለተኛ ማረጋገጫ አበራ። ኧረ ምን ይባላል! ሰው ጎረቤቱን እንዲህ ይጠረጥራል?

ይባስ ብሎ በሰዓታችን ላይ ተነሳ። እንደሚታወቀው ብዙዎቻችን የስልካችንን ሰዓት በእጃችን ወደ ሐበሻ አቆጣጠር እንመልሳለን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩም ሦስት እንዲል እንፈልጋለን፤ መብታችን ነው። ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጭምር የሚያስተካክል አገር ወዳድም አለ። ኦተንቲኬተሩ ግን ኮዱን የሚያወጣው ከሰዓቱ ነው። ድርጅቱ ጥቂት ሴኮንድ መዛባትን ይታገሣል። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ተጎትቶ ሲመጣበት፣ አልፎም ሰባት ስምንት ዓመት ሲያንስበት «የተሳሳተ ኮድ» ከማለት ሌላ ምን ይበል። እኛም ይሄንን የፈረንጅ ንቀት ብለን አልፈነው ነበር። ተማሪው ግን መላ አለኝ አለ። ሰዓቱን አውቶማቲክ ላይ ይተዉት፣ የሰዓት ቀጠናውን ብቻ ሳኦ ፓውሎ ያድርጉት አለ። ብራዚል ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ስልኩ ላይ የሚታየው የሐበሻ ሰዓት ይሆናል፤ ከሥር ያለው እውነተኛው ሰዓት አይነካም፣ ኮዱም ይሠራል። ሞከርነው፤ ሠራ። ቢሆንም የጅማ ሰው ጊዜውን ከብራዚል መዋሱ ደስ አላለንም። በቡና የሚወዳደሩን እነሱ ናቸው።

ስለ አሥራ ሁለቱ ቃላት ብዙ አላወራም። ዋሌት የሚባለው የክሪፕቶ ቦርሳ ሲከፈት ከ2048 የእንግሊዝኛ ቃላት ተመርጠው የሚሰጡት 12 ወይም 24 ቃላት ናቸው። እነሱን የያዘ ሰው ገንዘቡን ይዟል፤ ቱ ኤፍ ኤም አያስቆመው፣ ፓስወርድም አያስቆመው። እኛ ስክሪንሾት አንስተን ለሞባይል ቤቱ ልጅ በቴሌግራም እንልካለን። «እንዳይጠፋብህ» እንለዋለን።

አንዳንዱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሒሳቡ ዜሮ ከሆነ በኋላ ቱ ኤፍ ኤ ሊያበራ ይሮጣል። ይህንንም በክፉ አላየውም። ባዶ ቤት መቆለፍ ንጹሕ ልማድ ነው፤ ጥቅም ፈልጎ አይደለምና። ክስ መመሥረት ለሚያምራቸው ግን አዝናለሁ። ብሎክቼይን በሚባለው የክሪፕቶ መዝገብ ላይ አንዴ የወጣ ገንዘብ «ተሳስቼ ነው» ተብሎ አይመለስም። ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አሳውቋል። ስለዚህ ጣቢያ ሄደህ «ሕገወጡን ነገሬን ሰረቁኝ» ልትል ነው። ከደጅ ጥናት፣ ከማመልከቻ፣ ከቀጠሮ ሁሉ ነፃ ወጣህ ማለት ነው። ይህን ነፃነት ያገኘኸው በማን ሆነና?

የሞባይል ቤቱ ልጅ በቅርቡ ስልክ ቀየረ። አሮጌውን ፎርማት አድርጎ ሸጠው። እንደ ባለሙያ፣ ምንም ሳያስቀር ነው ያጸዳው። የደንበኛው ሁሉ የኮድ ቁልፍ እዚያው ነበር። የጎግሉ ኦተንቲኬተር እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ቁልፎቹን ጎግል አካውንት ላይ መጠባበቂያ ማስቀመጥ ይችላል። ልጁ ግን ሆን ብሎ አጥፍቶት ነበር። ለምን ቢባል፣ «የሰው አደራ ነው፣ ሌላ ሰው ቢያየውስ» አለ። ጥንቃቄው ያስቀናል። በማግስቱ ሱቁ አልተከፈተም። በሳምንቱም አልተከፈተም። አዲስ አበባ ገባ ያለ አለ፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለም አለ። ደብተሩን አብሮ ይዞ ይሁን ትቶት አልታወቀም።

ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው ግን የሚያስደስት ነበር። ሐጂም መጥተዋል። አንዱ ለአንዱ የተቀመጠለትን ገንዘብ መጠን ይነግራል፤ ያኛው ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው እጥፍ ያደርገዋል። ወዲያው ሱቁን አዲስ የተከራየ ወጣት ቁልፍ ይዞ ደረሰ። ነገሩን ሰማ። ራሱን ነቀነቀ። አዘነላቸው።

«ሐጂ፣ አይጨነቁ። ስልክዎን ይስጡኝ፣ ሌላ እከፍትልዎታለሁ።»

ሐጂ ሰጡት።

«ብቻ ፓስወርዱን ጠንከር አድርግልኝ» አሉት።