ሐይቁን አየነው፣ ሰዉንስ?

የምኖረው ቶሮንቶ ነው። እዚያ ስለ ሰሜኑ የኢኑዊት ሕዝብ ለረጅም ጊዜ የሚነገረው ሌሎች በሠሩት ፊልም ነበር። በረዶ፣ የበረዶ ቤት፣ ውሻ የሚጎትተው ጋሪ፤ በቃ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን የራሳቸው ልጅ ዛካሪያስ ኩኑክ «አታናርጁዋት»ን ይዞ ብቅ አለ። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር በኢኑክቲቱት ቋንቋ ነው። በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለጀማሪ ዳይሬክተር የሚሰጠውን ሽልማት ወሰደ። ፊልሙን ያየ ሰው በረዶውን ይረሳዋል። ልቡን የሚይዘው የሰዎቹ ቅናትና ቂም ነው።

ሐዋሳ ስመጣ ይሄ ነገር ከሐሳቤ አይወጣም። ባየኋቸው የአማርኛ ፊልሞች ሐዋሳ ሞልታለች። ግን የትኛዋ ሐዋሳ? ፍቅረኞች በጀልባ ይንሸራሸራሉ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ይበላሉ፣ ሪዞርት አድረው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ሲዳማው የለም። ካለም ሻንጣ ተሸክሞ ያልፋል። ይሄ ያናድደኛል።

ሰዉን ማየት የፈለገ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ በዓሉ ወደሚከበርበት የሐዋሳው ጉዱማሌ ይምጣ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበው በዓል ነው። ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው። ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በየደረሱበት ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። እንሰቱ በቅቤ ርሶ፣ ከወተት ጋር። ጣታቸው በቅቤ ወዝቶ ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ይመክራሉ፦ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ። እስቲ አስቡት፤ ባለፈው ወር በጎረቤቱ ላይ በሐሰት የመሰከረ ሰው እዚያ መሐል ተቀምጦ ይሄን ሲሰማ! ይሄ ብቻውን አንድ ፊልም ይወጣዋል።

ጎጃምን ሳልረግጠው ያወቅሁት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ፊታውራሪውንም ገባሩንም እንደ ጎረቤት ያሳውቀኛል። አንድ የጎጃም ልጅ «ሲዳማን እንዲህ የማውቅበት ልብወለድ ስጠኝ» ቢለኝ ምን እሰጠዋለሁ? ታሪኩ ጠፍቶ አይደለም። ሲዳምኛ የሚጽፉ ወጣቶች አሉ። የሚጽፉትን ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ የሚያሳትም፣ ወደ ስክሪን የሚያመጣ ነው የጎደለው።

ፊልሙ በሲዳምኛ ይሠራ፣ የአማርኛው ትርጉም ከግርጌ ይለፍ። ኢኑክቲቱት አንድ ቃል የማይሰማው የቶሮንቶ ተመልካችም እንዲሁ እያነበበ ነው ያየው። ፕሮዲዩሰሮቻችን ሐዋሳ ለቀረጻ ሲመጡ ለሪዞርት ከሚከፍሉት ላይ ቀንሰው ለአንድ የሲዳማ ደራሲ ይክፈሉ።