ትልቁ ቱርቦ እና የመልሱ ቀን

ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ዘመዴ በሙሉ ቶዮታ ነው የሚነዳው። መኪና ሊገዛ ሲል ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ነዳጅ ይበላል ወይ? መለዋወጫ ይገኝለታል ወይ? የአክስቴ ልጅ ግን የ1993 ማዝዳ አርኤክስ-7 ገዛ። ነዳጅ ይበላል። መለዋወጫው በመከራ ነው የሚገኘው። ዘይትም ይበላል።

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ዋሽንግተን ታክሲ የነዳ ሰው ነው። የዘይቱን ነገር ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሞተሩ አልቋል ማለት ነው። አይዞህ ልጄ፣ እናስወርደዋለን።»

«ኧረ ጋሼ፣ አላለቀም። ሲሠራም ዘይት እንዲበላ ሆኖ ነው።»

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። የአርኤክስ-7 ሞተር ሮተሪ ይባላል፤ ያፈለቀው ፌሊክስ ቫንክል የሚባል ጀርመናዊ ነው። ዓይኑ ከባድ ችግር ስለነበረበት መንጃ ፈቃድ እንኳ አልነበረውም። ጋሼ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ገባኝ» አለ።

ሞተሩ ፒስተን የለውም፣ ቫልቭ የለውም። ሞላላ ቤት ውስጥ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል። በየማዕዘኑ ጫፍ አፔክስ ሲል የሚሏት ቀጭን ማሸጊያ አለች። የዚህ ሞተር ጣጣ ሁሉ ከእሷ ነው። ማዝዳዎች ሲጀምሩ ማሸጊያዎቹ የቤቱን ግድግዳ እየቧጨሩ አስቸገሯቸው። ጭረቱን «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ጠሩት። በኬኒቺ ያማሞቶ የሚመሩ 47 መሐንዲሶች ታግለው ታግለው በ1967 ኮስሞ ስፖርትን ለገበያ አበቁ። በ1991 ደግሞ በሮተሪ ሞተር የሌ ማንን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር አሸነፉ። የአክስቴ ልጅ ይህችን ድል ሲያወራት የማያውቅ ሰው እሱ የነዳ ይመስለዋል።

የሱ መኪና ሞተር 1.3 ሊትር ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «የቪትዝ ሞተር ነዋ!» ብሎ ሳቀበት። ግን ከፋብሪካ ሲወጣ 255 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ፍርድ ቤት የሚያስቆም ወንጀል ነው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ 255ቱ አነሰኝ ብሎ ትልቅ ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ አዘዘ።

ፋብሪካው የገጠመለት ሁለት ትንንሽ ቱርቦዎች ነበሩ። አንዱ ቶሎ ይነሳል፤ ሁለተኛው ሞተሩ በደቂቃ ወደ 4500 ዙር ሲጠጋ ያግዘዋል። መኪናው እንዳይዘገይ ጃፓኖቹ የተጨነቁበት ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ቱርቦዎች ነቅሎ ጣላቸው። በምትካቸው በሁለት እጅ የሚታቀፍ አንድ ቱርቦ ገባ።

ትልቅ ቱርቦ ማለት የሐበሻ ቀጠሮ ነው። ነዳጁን ስትረግጠው «መንገድ ላይ ነኝ» ይልሃል። ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። ደግመህ ትረግጠዋለህ፤ «ደርሻለሁ፣ ፓርኪንግ እየፈለግኩ ነው» ይላል። ተስፋ ቆርጠህ እግርህን ልታነሳ ስትል ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ከተፍ! ያኔ ደግሞ ፊት ለፊትህ መብራቱ ቀይ ሆኗል።

ብቻውንም አይመጣም። አየር ከጨመርክ ነዳጅ መጨመር አለብህ፤ ትልቅ ኢንጀክተር፣ ትልቅ ፓምፕ። የታመቀ አየር ይግላል፤ እሱን የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ኢንተርኩለር። የድሮው ኮምፒውተር ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ሌላ ኮምፒውተር። ፍሪሲዮኑም አይችለውም። ነዳጁ ካነሰ ወይም ካንዴላው ጊዜውን ሳይጠብቅ ከተኮሰ፣ ያቺ ቀጭን ማሸጊያ ትሰበራለች። ስብርባሪዋ በጭሱ መውጫ ሄዶ ያንኑ ውድ ቱርቦ ይመታዋል። ለጫጉላ የተቀመጠው ገንዘብ እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀ። እጮኛው ዝም አለች። እሱ ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠረው።

ሞተሩን ካወረድኩት አይቀር ልክፈተው ብሎ ደግሞ ፈታታው። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ቡና ልታፈላ ስትል ረከቦቱ ላይ፣ ከሲኒዎቹ መሃል፣ ከባድ ብረት ጉብ ብሎ አገኘች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ሮተር ነው እማዬ። አትንኪው፣ አሁን ነው ያጸዳሁት።»

ያጸዳውም በሲኒ ፎጣዋ ነው።

መኪናው ተገጣጥሞ ለመልሱ ቀን ደረሰ። ወሩ ጁላይ ነው፤ የቨርጂኒያ ሙቀት አናት ይበሳል። ወንበሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሙሽራው ራሱ ይነዳል፣ ሙሽሪት አጠገቡ ካባዋን ደርባ ተቀምጣለች። ከኋላ የቶዮታ ሰልፍ፣ ጥሩምባ፣ እልልታ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ «እስቲ አንዴ ጋዝ ስጠው!» አለ። ሰጠው። ለቀቅ ሲያደርገው ከማርሚታው አንድ ክንድ እሳት ወጣ። እልልታው ቀጥ አለ።

ከዚያ ሰልፉ በእግር እርምጃ ተጀመረ። አዲሱ ኢንተርኩለር ደግሞ ራዲያተሩ ፊት ተገትሮ ነፋሱን ከልክሎታል። የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ወጣ። ለዚህ የሚታወቅ መላ አለ፤ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ ጥግ መክፈት ነው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስባል። ከፈተው። ከወርቅ ጥልፍ ካባ ጋር፣ በጁላይ።

ሙሽሪት ሁለተኛው መብራት ላይ በሩን ከፍታ ወረደች። አንድም ቃል ሳትተነፍስ ከኋላ ወዳለው የጋሼ ካምሪ ገባች። ጋሼም አንድም ነገር ሳይጠይቅ ኤሲውን ጨመረላት።

ቪዲዮው በማግስቱ አዲስ አበባ ደረሰ። አያታችን እያለቀሱ ደወሉ።

«መኪናውስ ገደል ይግባ፤ ልጅቷን ከእሳቱ ማን አወጣት?»

«ጋሼ ነው» አልኳቸው።